ከመዝገብ መውጣትና ራስን መቻል

በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ጃናሞራም ይሁን በየዳ፣ የአንድን ቤት ኑሮ ለማወቅ ጎታውን መጠየቅ ይበቃል። ገብሱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይወቃል፤ ዘሩ ተለይቶ ይቀመጣል፤ የቀረው ለምግብ፣ ለዕዳ፣ ለዝክርና ለለቅሶ ይውላል። እህሉ እስከ ነሐሴ የሚዘልቅለት ቤት ደህና ነው። መጋቢት ላይ የሚያልቅበት ግን የቀሩትን ወራት በግ እየሸጠ፣ እየተበደረ፣ ጎረምሳውን ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ እየላከ ይገፋል። ሲብስበት ዘሩን ይበላል።

እነዚህን እህል የሌለባቸውን ወራት ባለሙያዎች «የምግብ ክፍተት» ይሏቸዋል። ድሃ ቤተሰብ ራሱን እንዲችል እረዳለሁ ብሎ የተነሳ ፕሮግራም ውጤት አምጥቶ እንደሆነ ለማየት ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም። ስንት ኩንታል ስንዴ ተከፋፈለ፣ ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ የሚሉት ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ ሠራተኞቹ ድካም ነው። የክፍተቱ ወራት ከአምስት ወደ ሦስት መውረዳቸው ግን ስለ ቤተሰቡ ይናገራል።

በአገራችን ለዚህ ዓላማ ከተዘረጉት ሥራዎች ትልቁ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። ድርቅ በመጣ ቁጥር የዕርዳታ ጥሪ ከማሰማት ይልቅ፣ እህል በየዓመቱ ለሚያጥራቸው ወረዳዎች አስቀድሞ የታወቀ ድጋፍ መስጠት የሚል ሐሳብ ነበረው። ጉልበት ያለው ቤተሰብ በዓመት ለ6 ወራት፣ ለእያንዳንዱ አባል በወር 5 ቀን ተቆጥሮለት፣ እርከንና የገጠር መንገድ ይሠራል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና ሕሙማን ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ክፍያው ሲጀመር በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን ቤተሰቡ በግ አድልቦ፣ ንብ አንብቶ ጥሪት እንዲያፈራ ብድር ተመቻቸ። በአማራ ክልል ለገበሬው ብድር በማቅረብ ዋነኛው ሕዝቡ አብቁተ የሚለው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ነበር።

ቤተሰቡ ራሱን ችሎ ከፕሮግራሙ ሲወጣ «ተመረቀ» ይባላል። የምርቃት መመሪያው ያስቀመጠው ትርጉም ጥሩ ነው፦ ቤተሰቡ ያለ ሴፍቲኔቱ ክፍያ 12ቱንም ወር መመገብ ሲችል፣ መካከለኛ ችግር ቢመጣበትም ሲቋቋም ተመርቋል ይላል። ችግሩ ይህን ወደ ቁጥር በመለወጡ ላይ ነው። በየክልሉ የጥሪት መለኪያ ወጣ፤ ለአማራ ክልል በነፍስ ወከፍ 4,200 ብር ሆነ። ስድስት ነፍስ ያለው ቤት 25,200 ብር የሚያወጣ ከብትና ሌላ ንብረት ካለው ራሱን ችሏል ማለት ነበር።

እስቲ አንድ ቤት እናስብ። ሁለት በሬ፣ አንድ ላምና ጥቂት በጎች አሉት። ባለፈው ዓመት ሲገመት ከመለኪያው በታች ነበር። ዘንድሮ አንዲት ጠቦት እንኳ አልጨመረም፤ ነገር ግን የበሬ ዋጋ ገበያ ላይ ስለናረ ንብረቱ ከመስመሩ አለፈ። ቤተሰቡ የሚበላው እህል ዋጋም አብሮ ንሯል። ወረቀቱ ላይ ግን ተመራቂ ነው። ከበጎቹ ገሚሱ በብድር የተገዙ ከሆኑ ደግሞ ዕዳው ከግምቱ መቀነስ አለበት። የብድሩ ቀን ሲደርስ ሽያጭ ላይ የሚወጣ በግ ጥሪት አይባልም።

ሌላው ችግር ከላይ የሚወርድ ጫና ነው። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ የነበረውን የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ወደ 1.3 ሚሊዮን ለማውረድ አልሞ ነበር። እንዲህ ያለ ግብ ወደ ቀበሌ ሲወርድ ኮታ ይሆናል፤ ሳይደርሱ የተመረቁ ቤተሰቦች መኖራቸውንም ጥናቶች መዝግበዋል። ዕቅዱ ባበቃበት ክረምት ዝናቡ ከዳ፤ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አስቸኳይ ዕርዳታ ፈለገ። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ድርቁ ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን ክፉኛ መታ። ከመዝገብ መውጣትና ራስን መቻል የሚለዩት እንዲህ ባለው ዓመት ነው፤ ስለዚህ ተመራቂውን መጠየቅ የሚገባው በተመረቀ በሁለተኛው በሦስተኛው ዓመት፣ ይልቁንም ዝናብ በጎደለበት ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። ወሩም ይወስናል። ጥር ላይ የተጠየቀች እናትና ነሐሴ ላይ የተጠየቀች እናት አንድ ሰው ሆነው ሳለ ሁለት ዓይነት ኑሮ ይነግሩናል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ እንኳ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፦ ለውጡን ያመጣው ፕሮግራሙ ነው? ዝናቡ ሰምሮ ከሆነ ያልታቀፈውም ጎረቤት ተሽሎታል። ልጁ ከሁመራ ገንዘብ ይዞ ከመጣ ምስጋናው ለልጁ ነው። መልሱ የሚገኘው በማነጻጸር ነው። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም አጥኚዎች ክፍያውን ለአምስት ዓመት ያገኙትን ለአንድ ዓመት ብቻ ካገኙት ጋር አነጻጽረው የምግብ ክፍተቱ በ1.29 ወር ማጠሩን አሳይተዋል። የከብት ሀብት ጭማሪው ግን ከአንድ ላም የሚያንስ ነበር። ለእኔ ይህ ውጤት ትልቅም ትንሽም ነው። ልጆች ላሏት እናት አምስት ሳምንት ከረሀብ መዳን እጅግ ብዙ ነው፤ ጥሪት ወደ ማፍራቱ ስንመጣ ግን መንገዱ ገና ነው።

ከዚህም የጠራው ማነጻጸሪያ ዕጣ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች የተካሄደና በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ከእኩል ድሆች መካከል ዕጣ የወጣላቸውን መረጠ። ከብት ወይም ሌላ መነሻ ንብረት፣ ሥልጠና፣ ቁጠባና የቤት ለቤት ክትትል ለሁለት ዓመት አገኙ። ድጋፉ ካቆመ ከዓመት በኋላም በአብዛኞቹ አገሮች ዕጣ ካልወጣላቸው ተሽለው ተገኙ። የኢትዮጵያው ሙከራ ትግራይ ውስጥ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች የሴፍቲኔት ታቃፊዎች ስለነበሩ ልዩነቱ የመጣው ከተጨመረው ድጋፍ መሆኑን ማወቅ ተችሏል።

ጎንደር ከተማ ውስጥ መለኪያው ይለወጣል። አዘዞ ወይም ማራኪ በኪራይ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ጎታ የለውም፤ እህሉ ቅዳሜ ገበያ፣ ገቢው የቀን ሥራ ነው። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጠችው ደሴ ነበረች፤ ጎንደር የተጨመረችው ሲስፋፋ ነው። ታቃፊዎች ጽዳትና የመሳሰለውን የአካባቢ ሥራ ይሠራሉ፣ ከክፍያቸው ይቆጥባሉ፣ በኋላም ለራሳቸው ሥራ መነሻ ገንዘብ ያገኛሉ። እዚህ የሚጠየቀው በወር ስንት ቀን ሥራ እንደተገኘ፣ ኪራይ ሳይከፈል ስንት ወር እንዳለፈ፣ መነሻው ገንዘብ ዛሬም ሥራ ላይ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ላይ ወረዳዎች በዕጣ ስለተመረጡ አጥኚዎች ያልተጠበቀ ነገር አይተዋል፤ ታቃፊዎቹ የቀን ሥራ ሲቀንሱ ላልታቀፉት ሠራተኞችም ደመወዝ ጨምሯል። ታቃፊውን ብቻ የሚጠይቅ መለኪያ ይህን አያገኘውም።

ወደ ደጋው ስንመለስ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ዳባት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የቤተሰቦችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት እየተከታተለ ይመዘግባል። እነዚያው መዝጋቢዎች በየክረምቱ «ቤቱ ሴፍቲኔት ታቅፎ ያውቃል? የራሳችሁ እህል የዘለቀው እስከ የትኛው ወር ነው?» ብለው ቢጠይቁና መልሱ ለዓመታት ቢጠራቀም፣ የተመረቁት ቤቶች በድርቅ ዓመት ምን እንደሆኑ ከዚያው ከደጋው ማወቅ ይቻላል።