የጓሮ ላምና የቤተሰብ ጤና

ጎሕ ሲቀድ በኮልፌ ቀራንዮ መንደሮች የሚሰማው የታክሲና የአውቶቡስ ድምፅ ብቻ አይደለም። ከአየር ጤናና ከዓለም ባንክ መንገድ ገባ ብሎ፥ ከቆርቆሮው አጥር በስተ ኋላ፥ ጥጃዋን የምትጣራ ላም ትሰማለች። ጥቂት ቆይቶም ትኩሱ ወተት በጠርሙስ ተቀድቶ ወደ ጎረቤት ይላካል። ይህ ወተት ለሕፃኑ ምግብ፥ ለአራሷም መጠገኛ ነው፤ ለባለ ላሙ ደግሞ የልጆች ደብተር መግዣና የቤት ወጪ መሸፈኛ ነው።

ስለዚህ በከተማ ላም የሚያረባውን ሰው ለመንቀፍ አልተነሣንም። ነገር ግን ታማሚ ላም ወተቷን ስትሰጥ በሽታዋንም አብራ ልትሰጥ እንደምትችል፥ ይህም በሽታ ባለቤቱን በጤናውም በኪሱም እንደሚጎዳው ማሳወቅ ግዴታችን ነው። ከከብት ወደ ሰው ከሚተላለፉት ብዙ በሽታዎች መካከል በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ብቻ እንመለከታለን፤ እነርሱም የከብት ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ የተባለው የውርጃ በሽታ ናቸው። ነቀርሳ ስንል ሕዝቡ ቲቢ የሚለውን ማለታችን ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በቅርባችን የተገኘ ዕውቀት

በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ፥ በዘነበወርቅ አካባቢ፥ በአለርት ግቢ ውስጥ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ይገኛል። ኢንስቲትዩቱ በ1970 የተቋቋመው ስለ ሥጋ ደዌ ለመመራመር ሲሆን፥ ስሙም የሥጋ ደዌን ተውሳክ በ1873 ላገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም መታሰቢያ ነው። የሥጋ ደዌና የነቀርሳ ተውሳኮች የአንድ ወገን ዘመዳሞች ናቸውና ምርምሩ ወደ ሰው ነቀርሳ፥ ከዚያም ወደ ከብት ነቀርሳ ተስፋፋ።

የኢንስቲትዩቱ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በመካከለኛው ኢትዮጵያ በሚገኙ 88 የወተት ከብት መንጋዎች 2,956 ከብቶችን መረመሩ። በ2012 የታተመው ውጤት እንዳስረዳው ከተመረመሩት ከብቶች 30 በመቶ ያህሉ በነቀርሳ ተውሳክ መያዛቸው ታወቀ፤ ከመንጋዎቹም ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ውስጥ በሽታው ተገኘ። መንጋው በበዛ ቁጥርም በሽታው የበዛ ሆኖ ታይቷል። ምክንያቱን መረዳት አያዳግትም። ተውሳኩ ከሁሉ ይልቅ የሚተላለፈው በትንፋሽ ስለሆነ፥ ብዙ ከብቶች አየር በማይገባበት ጠባብ በረት ውስጥ ተጠጋግተው ሲያድሩ አንዷ ያስነጠሰችውን ሌላዋ ትስበዋለች። ብዙ ወተት የሚሰጡት የውጭ ዝርያ ላሞች ደግሞ ከአገራችን ከብቶች ይልቅ በዚህ በሽታ በቀላሉ ይጠቃሉ።

ታማሚዋ ላም ለረዥም ጊዜ ጤነኛ መስላ ትታያለች፤ ሳል፥ ክሳትና የወተት ማነስ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ስለዚህ በዓይን አይቶ መፍረድ አይቻልም። የእንስሳት ሐኪሙ ቱበርኩሊን የተባለውን ፈሳሽ በላሚቱ የአንገት ቆዳ ውስጥ ጥቂት ይወጋል፤ ከወፍ ነቀርሳ የተዘጋጀውንም ለማነጻጸሪያ በአጠገቡ ይወጋል። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ የቆዳውን ውፍረት በመለኪያ ይለካል፤ ከዚያም የሁለቱን እብጠት አመዛዝኖ ላሚቱ መያዝ አለመያዟን ያስታውቃል።

ተውሳኩ ወደ ሰው እንዴት እንደሚደርስ

የነቀርሳን ተውሳክ በ1882 ያገኘው ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ እንኳ በ1901 የከብት ነቀርሳ ለሰው ይህን ያህል አያሠጋም ብሎ ተናግሮ ነበር። ነገሩን እንዲመረምር በእንግሊዝ አገር የተሾመው ጉባኤ ግን በ1911 ባወጣው የመጨረሻ መግለጫ የኮኽ አሳብ ስሕተት መሆኑን አስረዳ። በ1930ዎቹ ዓመታት በብሪታንያ ከወተት ላሞች 40 በመቶ ያህሉ ተውሳኩን እንደ ተሸከሙ፥ በየዓመቱም 2,500 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ እንደ ሞቱ ይገመታል። ይህን ጥፋት የገቱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ወተቱን በእሳት ማሞቅና ላሞቹን መመርመር።

አንባቢን ያለ ምክንያት ማስደንገጥ አንፈልግም። በአገራችን በሕመምተኞች ላይ የተደረጉት ምርመራዎች እንደሚያሳዩት፥ አብዛኛው ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው፤ ከከብት የሚመጣው ጥቂቱ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጥቂት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ፒራዚናማይድ የተባለው፥ ነቀርሳን ለማከም ከሚሰጡት ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ፥ የከብቱን ተውሳክ አይገድልም። በአክታ ላይ የሚደረገው የተለመደው የማይክሮስኮፕ ምርመራም የከብቱን ተውሳክ ከሰው ተውሳክ ለይቶ አያሳይም። ከላሞቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድረውና ያልፈላ ወተት የሚጠጣው ሕፃን በሁለቱም መንገድ፥ በትንፋሽም በወተትም፥ ለአደጋው የተጋለጠ ነው።

የውርጃ በሽታ

ብሩሴሎሲስ ላሚቱን አብዛኛውን ጊዜ ከአምስተኛው ወር እርግዝና በኋላ ያስወርዳታል። ተውሳኩ በወረደው ጽንስ፥ በእንግዴ ልጁና በሚፈሰው ፈሳሽ ውስጥ እጅግ በዝቶ ይገኛል፤ በወተቱም ውስጥ ይወጣል። በባዶ እጁ ላሚቱን የሚያዋልደው ሰው፥ እንግዴ ልጁን የሚያነሣው ልጅ፥ በረቱን የምትጠርገው እመቤት፥ ጥሬ ወተት የሚጠጣውም እንግዳ ሊያዙ ይችላሉ።

በሰው ላይ ሲመጣ ሄድ መለስ የሚል ትኩሳት፥ የሌሊት ላብ፥ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም፥ ከባድ ድካምም ያስከትላል። ወባ ወይም ታይፎይድ ነው እየተባለ ሌላ መድኃኒት ሲወሰድ ወራት ያልፋል። ስለዚህ ትኩሳቱ የተመላለሰበት ሰው ከብት እንደሚያረባ ወይም ጥሬ ወተት እንደሚጠጣ ሳይጠየቅ ለሐኪሙ መናገር አለበት። በሽታው ከታወቀ ይድናል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሳያቋርጡ መውሰድ ያስፈልጋል።

የኪሣራው ሒሳብ

ላም ጥጃዋን ዘጠኝ ወር ያህል ትሸከማለች። በሰባተኛው ወር ያስወረደች ላም ባለቤት የሰባት ወር መኖ አውጥቶ ጥጃ አላገኘም፤ በወጉ ያልወለደች ላምም የምትሰጠው ወተት ጥቂት ነው። እንደ ገና እስክትፀንስና እስክትወልድ ከዘጠኝ ወር የበለጠ ጊዜ ይጠብቃል። ነቀርሳ የያዛትም ላም እያደር ወተቷ ይቀንሳል፤ በቄራም ስትታረድ መርማሪው በሳምባዋና በዕጢዎቿ ላይ ምልክቱን ካገኘ የተበላሸው ሥጋ፥ አንዳንድ ጊዜም መላው ሥጋ፥ ይወገዳል።

በዚህ ላይ የሰው ሕመም ይጨመራል። የነቀርሳ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈጃል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ቢሰጥም፥ የጠፋው የሥራ ቀንና የልጅ ከትምህርት መቅረት በነጻ አይመለስም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፤ ላሙ ተመርምራ ተውሳክ የተገኘባት ሰው ምን ያድርግ? ወተት ከቆመ የቤቱ ገቢ ይቆማል፤ ቢያሳርዳት ኪሣራውን ብቻውን ይሸከማል። በአንዳንድ ባለጸጋ አገሮች መንግሥት እንዲህ ያለችውን ላም አሳርዶ ለባለቤቷ ካሣ ይከፍላል፤ ለብዙ አገሮች ግን ይህ ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህ ችግር ላይ የወደቀው ባለ ላም ወደ ገበያ ነድቷት ዝም ብሎ ቢሸጣት መንፈሱን አንስተውም። ነገር ግን ገዢውም እንደ እርሱ የልጆች አባት ነው። የተሸጠችው በሽታም በአዲሱ በረት ትራባና፥ ነገ ተመልሳ በጎረቤት በኩል በተገዛች ጊደር ወደ ሻጩ ቤት ትገባለች። እንዲህ ያለችውን ላም ከሌሎቹ ለይቶ ማቆየትና ለወተት ሳይሆን ምርመራ ባለበት ቄራ ለዕርድ ማቅረብ፥ ኪሣራውን ባያስቀርም በአንድ በረት ላይ ያስቆመዋል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ ወተት ሁሉ ይፍላ። አረፋው ሲነሣ ፈላ ብሎ ማውረድ አይበቃም፤ እያማሰሉ ጥቂት ደቂቃ እንዲንተከተክ ማድረግና ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ማኖር ይገባል። ሲፈላ ኃይሉ ይጠፋል የሚሉ አሉ፤ የሚቀንሰው ከቪታሚኖቹ ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ገንቢነቱ አይጠፋም። ዕቃውን በወይራ ማጠን መልካም ባህል ነው፤ ጣዕምና ሽታም ይሰጣል፤ ነገር ግን የእሳትን ሥራ አይተካም። እርጎም ስለ ኮመጠጠ ብቻ ከተውሳክ ነጻ ነው ማለት አይቻልም፤ ወተቱን አስቀድሞ አፍልቶ ካቀዘቀዙ በኋላ ማርጋት ይበልጣል።

ሁለተኛ፥ ላም ከመግዛት በፊት ማስመርመር፥ የተገዛችውንም ከነባሮቹ ለይቶ ማቆየት።

ሦስተኛ፥ በረቱን ከመኝታ ቤት መለየት፥ አየርና ብርሃን የሚገባበትም ማድረግ። የሚያስል ሰው ደግሞ ከከብቶቹ ይራቅ፤ ሰውም ነቀርሳውን ለከብት ያስተላልፋልና።

አራተኛ፥ ላም ስታዋልዱ ጓንት አድርጉ፤ ጽንሱንና እንግዴ ልጁን ለውሻ ሳትሰጡ በጥልቅ ቅበሩ፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ላሚቱ ካስወረደች ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ።

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፥ ይህን ትምህርት ከእኛ ይልቅ እናንተ ታደርሱታላችሁ። ለተማሪዎቻችሁ አንድ ነገር አስታውሷቸው። ዛሬ ለሕፃናት ክንድ የሚወጋው ቢሲጂ የተባለው የነቀርሳ መከላከያ የተገኘው፥ ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት ከታመመች ላም የተወሰደውን ተውሳክ ለብዙ ዓመታት እያራቡ ካደከሙት በኋላ ነው፤ ለሰው መጀመሪያ የተሰጠውም በ1921 ነው። የላምና የሰው ጤና ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ከዚያም ማታ ቤታቸው ሲገቡ፥ «ወተቱ ፈልቷል ወይ?» ብለው እናታቸውን እንዲጠይቁ ንገሯቸው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ለማፍላት የሚወጣው የጥቂት ከሰል ዋጋ ከስድስት ወር ሕክምና እጅግ ያንሳል።