«ባትሪው ሞቷል» ከማለታችን በፊት



ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ወጣ ባለ መድረሳ ልጆች የሚያስጠኑ ወንድሞቻችንን የምታመላልሰው አሮጌዋ ሞተር ሳይክላችን በቅርቡ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ቆማብን ነበር። መጀመሪያ የፊት መብራቷ ደበዘዘ፤ ቀጥሎ የክላክሷ ድምፅ ሰለለ፤ በመጨረሻም ሞተሩ ጠፋ። ሁለቱ ወንድሞች ከመግሪብ በኋላ በጨለማ እየገፏት ተመለሱ። ጥገና ቤት ስንወስዳት «ባትሪው ሞቷል» ተባልን፤ ከአባላት በተዋጣ ገንዘብም አዲስ ባትሪ ገዛን። በሁለተኛው ሳምንት ግን ያው ችግር ተመለሰ።

መድረሳ ከተማርናቸው የፊቅህ መርሆዎች አንዱ፣ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም የሚለው ነው። ውዱእ እንዳለው በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው «ፈርሶብኝ ይሆን?» ብሎ ስለተጠራጠረ ብቻ ውዱኡ አይፈርስበትም። እኛ ግን ባትሪው ላይ በጥርጣሬ ፈረድንበት። የጀመዓ ገንዘብ አማና ነውና፣ ሳንለካ ዕቃ እንዳንቀይር የሚረዳንን ቅደም ተከተል እናካፍላችሁ። የሚያስፈልገው አንድ ተራ መልቲሜትር ብቻ ነው።

የኤሌክትሪኩ መንገድ

ሞተሩ ሲዞር ዲናሞው ኤሲ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሬጉሌተሩ ይህን ወደ ዲሲ ይቀይራል፤ ቮልቱም ከልክ እንዳያልፍ ይገድባል። ባትሪው ደግሞ ያጠራቅማል። ሦስቱን የሚያገናኙት ሽቦዎችና ሶኬቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ቢበላሽ ለነጂው የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው፤ ባትሪው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ባዶ ባትሪ የበሽታው ምልክት እንጂ የግድ በሽታው ራሱ አይደለም።

አንደኛ፦ ባትሪው

ባትሪውን በቻርጀር ሞልተን ለጥቂት ሰዓታት እናሳርፈውና እንለካው። ጤነኛ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል። ከዚያ ሞተሪኖውን ስንጫን ቮልቱ ከ10 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። የእኛው አዲሱ ባትሪ 12.7 አሳየ፤ በሞተሪኖ ጊዜም 10.8 ያዘ። ባትሪው ነፃ ወጣ ማለት ነው።

ጥንቃቄ፦ የባትሪ አሲድ ሰውነትና ልብስ ያቃጥላል። ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ጋዝም ተቀጣጣይ ስለሆነ እሳት አናቅርብ፤ ክፍት ቦታ ላይም እንሥራ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ መንቀል ደግሞ ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልት ስለሚያስከትል ሬጉሌተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ሁለተኛ፦ ቻርጅ እየደረሰ ነው?

ሞተሩን አስነስተን መካከለኛ ጋዝ እየሰጠን የባትሪውን ሁለት ጫፎች እንለካ። ከ13.5 እስከ 14.8 ቮልት ካሳየ ቻርጁ እየደረሰ ነው። ከ15 በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ መገደብ አቅቶታል፤ ባትሪውን ያፈላዋል። የእኛው 12.6 ላይ ቆመ፤ ጋዝ ቢጨመርም ንቅንቅ አላለም። ባትሪው ጤነኛ ነው፤ የሚመግበው ግን የለም።

ሦስተኛ፦ ዲናሞው

ሞተሩን አጥፍተን ከዲናሞው የሚመጡትን ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ከሶኬታቸው ነቀልን። በሁለት በሁለቱ መካከል ያለው ኦም አነስተኛና እኩል መሆን አለበት፤ የእኛዎቹ ሁሉም 0.6 ኦም ሆኑ። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ አስቀድመን የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አገናኝተን የራሱን ንባብ መቀነስ አለብን። ከየትኛውም ቢጫ ሽቦ ወደ ሞተሩ ብረት አካል ምንም ግንኙነት ሊኖር አይገባም። አንዳንድ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ግን የጥቅሉን አንድ ጫፍ ሆን ብለው ከብረቱ ጋር ያስራሉ፤ እነሱ ላይ ግንኙነት መገኘቱ ብልሽት አይደለም።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነስተን በኤሲ ለካን። ሦስቱም ጥንዶች 50 ቮልት አካባቢ እኩል አሳዩ። ይህ ቮልት ሰው ሊመታ ስለሚችል የተራቆተውን ጫፍ በእጅ አንነካም። ዲናሞውም ነፃ ወጣ።

አራተኛ፦ በመንገድ የሚጠፋው ቮልት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ሽቦዎቹን መልሰን ሞተሩን አስነሳን። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ የሬጉሌተሩ ቀይ ሽቦ መውጫ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አደረግን። በጥሩ ሽቦ ይህ ልዩነት ከ0.3 ቮልት አይበልጥም። የእኛው 1.8 ቮልት ሆነ! ሬጉሌተሩ ላይ 14.4 አለ፤ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 12.6 ብቻ ነው። በኔጋቲቩ በኩል ስንለካ ግን ደህና ነበር።

ቀዩን ሽቦ በእጃችን ስንከተል መቀመጫው ሥር አንድ ሶኬት አገኘን። ፕላስቲኩ ጠቁሯል፤ የውስጡ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። 5 አምፒር ቢያልፍበት 1.8 በ5 ሲባዛ 9 ዋት ሙቀት በአንዲት ትንሽ ጫፍ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ፕላስቲኩን ያጠቆረው ይኸው ነው።

ሽቦውን እስከ ንጹሑ መዳብ ቆርጠን አዲስ ጫፍ አጥብቀን ገጠምንለት። እንደገና ስንለካ ባትሪው ላይ 14.2 ቮልት ደረሰ፤ አልሐምዱሊላህ። የወጣው ወጪ የሁለት ትንንሽ ጫፎች ዋጋ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ባትሪስ ጤነኛ ነበር? ጥገና ቤቱ ትተነው ስለመጣን መለካት አልቻልንም። ስለዚህ «ያለ ምክንያት ጣልነው» ብለን በእርግጠኝነት አንናገርም፤ ያኔም «ሞቷል» ማለት አልነበረብንም። የቀረብን ትምህርት ይህ ነው፦ የሰው አማና የያዘ እጅ አስቀድሞ ይለካ፣ ከዚያ ይፍረድ።

ሞተር ሳይክሏ ወደ መድረሳው መንገድ ተመልሳለች። አላህ የምንማረውን የሚጠቅም ዕውቀት ያድርግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።