ደመራን በምሽት ማንሳት፦ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ለሌለው

መስከረም 16 ቀን ሲመሽ በወሰንና በአካባቢው ደመራ ዙሪያ ካሜራና ስልክ ያልያዘ ወጣት ማግኘት ያስቸግራል። በማግሥቱ ለዚህ ጋዜጣ ፎቶ አምጡ ሲባል ግን የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ቀይ ብዥታ ነው፤ ችቦው እንደ ጅራታም ኮከብ ተጎትቶ፣ የካህናቱ ፊት ጠፍቶ። ደመራ ደግሞ ነገ ይደገም አይባልም፤ ዓመት ይጠበቃል። እንግዲህ ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ፣ ፎቶ አንሺዎች ስታንድ የሚሉት፣ በሌለበት ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ምክንያቱን እንወቅ። ብርቱ የቀን ፀሐይ ከእሳት ዳር የቆመ ሰው ፊት ላይ ከሚያርፈው ብርሃን 500 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ዓይናችን ቶሎ ስለሚለምድ ልዩነቱን አይነግረንም። ካሜራው ግን ያውቀዋል። የጎደለውን ብርሃን ለማግኘት መዝጊያውን ከፍቶ ያቆየዋል፤ በዚያች የሰከንድ ስምንተኛ ወይም አራተኛ ውስጥ እጃችን ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶውን የሚያበላሸው ጨለማው ራሱ ሳይሆን እጃችን ነው ማለት ነው።

ለተለመደው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእጅ ሊያዝ የሚችለው ዝግተኛ ፍጥነት 1/60 ሰከንድ ገደማ ነው። በ400 ፊልም፣ ወይም በዲጂታል ካሜራ አይኤስኦ 400 ላይ፣ የሌንሱ ቀዳዳ 2 ሆኖ ሲከፈት ከእሳቱ አጠገብ ይኸው 1/60 ይገኛል። ሌንሳችሁ ከ2.8 በላይ የማይከፈት ከሆነ ፍጥነቱ ወደ 1/30 ይወርዳል፤ አይኤስኦውን ወደ 800 ስታወጡት ይመለሳል። ከዚያ በላይ ከወጣ ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ይበዛል። ይብዛ! ነጠብጣብ ያለበት ጥርት ያለ ፊት፣ ምንም ነጠብጣብ ከሌለው ብዥታ ይሻላል።

ፍላሹንስ? አጥፉት። ትንሹ ፍላሽ የሚደርሰው ከሦስትና ከአራት ሜትር ብዙም አያልፍም። ሃያ ሜትር ርቆ ለሚነድ ደመራ ምንም አይረባም፤ የሚያበራው ከፊታችሁ የቆመውን ሰው ማጅራትና ጭሱን ነው።

ወደ እጃችን እንመለስ። እግር ለየት አድርጎ መቆም፣ ሁለቱን ክርኖች ከጎን ጋር ማጣበቅ፣ ትንፋሽን በግማሽ አስወጥቶ መያዝ፣ ጣትንም ሳይወረውሩ ቀስ ብሎ መጫን ያስፈልጋል። ጠመንጃ ማነጣጠር የሚያውቁ አባቶች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው የማታ ብርድ አለ፤ የሚንዘፈዘፍ እጅ ደግሞ ካሜራ አይዝም፤ ጋቢ መልበስ አይከፋም። አጥር ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ ካለ ትከሻን አስደግፉ። ከዘራ የያዘ አባት አጠገባችሁ ካለ በትሕትና ለምኑና የከዘራውን አናት በግራ እጅ ጨብጡ፤ ካሜራውን በጭብጣችሁ ላይ አስቀምጡ። ይኸው አንድ እግር ተገኘ።

ከዚህ የሚሻል መላም አለ። አብዛኛው ካሜራ ሆዱ ላይ ለማቆሚያ የሚሆን የሩብ ኢንች ጥርስ ያለው ቀዳዳ አለው። አጭር ቡሎን ገዝታችሁ ጠንካራ ሲባጎ እሰሩበት። ቡሎኑን ካሜራው ላይ ካጠበቃችሁ በኋላ የሲባጎውን ጫፍ በእግር ረግጦ ካሜራውን ወደ ላይ መሳብ ነው፤ ገመዱ ሲወጠር ወደ ላይና ወደ ታች የሚደረገው መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። ቡሎኑ ረጅም ሆኖ በግድ ከገባ ግን ካሜራውን ያበላሻል፤ እስኪበቃው ብቻ አዙሩት። ስልክ ላላችሁ ደግሞ አሮጌ ካልሲ በሽንብራ ሞልታችሁ ስፉት፤ አጥር ወይም ወንበር ላይ ስታስቀምጡት ስልኩን አቅፎ ይይዘዋል። (ሽንብራው በማግሥቱ ለቆሎ ይሆናል።)

ይህ ሁሉ የእኛን እጅ ያረጋጋል እንጂ የሚዘምሩትን አያቆምም። ታዲያ የሚነሳውን ሰው እናስተውል። ወረብ የሚያቀርቡት መዘምራን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዛወዙ ጫፍ ላይ ደርሰው ከመመለሳቸው በፊት ለቅጽበት ቀጥ ይላሉ። ከበሮውን አዳምጡና በዚያች ቅጽበት ተጫኑ። አራት አምስት ጊዜ አከታትሎ ማንሳትም ይረዳል፤ ጣት ሲጫንና ሲለቅ ካሜራው ስለሚነቃነቅ ከመካከል ያሉት ብዙውን ጊዜ የተሻሉ ናቸው።

ሰዓቱም ቁም ነገር ነው። በዚያን ዕለት አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ምሽቱ ቶሎ ይጨልማል፤ የሚበቃ የሰማይ ብርሃን የሚቆየው ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ደመራው በዚያች ጊዜ ውስጥ ከተለኮሰ ሰማዩ ሰማያዊ፣ እሳቱ ወርቅማ ሆኖ ይወጣል። ስትቆሙ ከተማው ባለበት በምዕራብ በኩል ፊታችሁን አዙሩ፤ የእንጦጦ ጋራ ያለበት ሰሜኑ ግን ቀድሞ ይጠቁራል። ብርሃኑንም በነበልባሉ ላይ ሳይሆን እሳቱ ከጎን በሚያበራው ፊት ላይ ለኩ። በስልክ ከሆነ ያንን ፊት በጣት መንካት ነው፤ ነበልባሉን ከነካችሁ የቀረው ሁሉ ይጠቁራል።

የዛሬ ስልኮች የማታ ማንሻ ያላቸው ብዙ ፎቶዎችን አከታትለው አንስተው አንድ ያደርጓቸዋል። ይህ ለቆመ ነገር ግሩም ነው፤ ለሚዘምር ሰው ግን ድርብ ፊት ሊያወጣ ይችላል። አጉልቶ ማቅረቡንም ተዉት፣ በእግራችሁ ቅረቡ። ሌንሱን መጥረግም አይረሳ፤ የእጅ ቅባት ያለበት ሌንስ እሳቱን በጭጋግ ይሸፍነዋል።

ለማስተማር ልምምድ መብራት ወደሌለበት ትምህርት ቤት የምትሄዱ ሰልጣኞችም ይኸው ይሠራላችኋል። በኩራዝ የሚያጠና ተማሪ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከደመራው ዳር ካለው ያንሳል፤ በአይኤስኦ 400 ቀዳዳ 2 ላይ ቢሆን እንኳ 1/15 ሰከንድ ይፈልጋል። በእጅ ብቻ አትሞክሩት። ተማሪውንና ወላጆቹን አስፈቅዳችሁ ካሜራውን ዴስክ ላይ፣ ከሽንብራው ካልሲ በላይ አድርጉና የሁለት ሰከንድ መዘግየቱን ሙሉ፤ ልጁም ገጹን ከመግለጡ በፊት ትንሽ ይጠብቅ።