ስለ ቅርጫው ሥጋ

ፋሲካ ሲቃረብ በእኛ ከተማ በመካነ ኢየሱስ በየሰፈሩ ወሬው የቅርጫ በሬ ነው። 55 ቀን የጾመ ሰው ብርንዶ ቢያምረው አይፈረድበትም። ግን ወገኖቼ፣ "በሚጥሚጣና በአረቄ ይሞታል" የምትሉትን ነገር ተዉት። የኮሶ እጭ አይሞትም። ሥጋው ውስጥ በራሱ ከረጢት ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ሚጥሚጣውም አረቄውም አያገኘውም።

ሥጋው ቅጠል ላይ መደብ በመደብ ሲደለደል ልብ፣ ምላስና የመንጋጋ ሥጋ ላይ ቢላ አሳርፋችሁ እዩ። እጩ ሩዝ የሚያክል ነጭ ነገር ነው። የቄራ መርማሪም መጀመሪያ የሚፈትሸው እነዚህን ነው፤ ሆኖም ጥቂት ከሆነ ከእሱም ዓይን ያመልጣል። ስለዚህ "አይተነዋል፣ ንጹሕ ነው" ብሎ ጥሬውን መብላት አያዋጣም። እጩን የሚገድለው እሳት ነው። ለብ ለብ የተደረገ አይበቃም፤ መሐሉ ድረስ ቅላቱ ይጥፋ። ጥሬውን የቆረጠ ቢላና መክተፊያም በሳሙና ሳይታጠብ ሽንኩርት አይከተፍበት።

አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ የነበረው ለዚሁ ለኮሶ ትል ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ስለ ኮሶ ዛፍ ጽፏል። ኮሶ ያሽራል፤ ሲበዛ ግን ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄዶ በሐኪም ትእዛዝ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ መውሰድ እያለ በግምት የሚጠጣ ሰው ያሳስበኛል።

ደግሞ ትሉን ለበሬው የሚሰጠው ሰው ነው! ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ሲወጣ እንቁላሉ ሣር ላይ ይቀራል፤ ከብቱ ይግጠዋል፤ እጩ ሥጋው ውስጥ ያድጋል፤ በዓል ሲመጣ ወደ እኛው ይመለሳል። እረኛውም ሽንት ቤት ይጠቀም የምለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን "ሳይሞት እንረደው" ተብሎ የሚታረድ በሽተኛ በሬ ነው። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። እሱ ደግሞ በመብላት ብቻ ሳይሆን ሲገፈፍ በእጅ ቁስልም ይገባል፤ ተራ ቅቅልም አያጠፋውም። ከብቱ በድንገት ከሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ፣ ቢላ አታንሱ። ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። ቆዳው ሳይነካ በጥልቅ ይቀበር፤ የአባ ሰንጋ ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል።