በጓሯችን የሚሠራ ጎጆ፦ ወፎችን ስለ መመልከትና ስለ ማስጠጋት



ንግግሬን በራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። ከዓመታት በፊት ለበዓል ግቢ ሳጸዳ፣ ከቈረጥሁት ቍጥቋጦ ጋር የሣር ቍርጥራጭ የመሰለ ነገር ወደቀ። ባነሣው የወፍ ጎጆ ነው፤ እንቍላሉም ተሰብሯል። እናቲቱ እስኪመሽ ድረስ ባዶውን ስፍራ ስትዞር ዋለች።

ወፏ የአበባ ወለላ ከሚቀስሙት ወገን ናት፤ ሳይንሳዊ ስሟ «ኔክታሪኒያ ታካዜ» ሲሆን፣ ከተከዜ ወንዝ የተወሰደ ነው። ወንዱ በፀሐይ ሐምራዊ ያንጸባርቃል፤ ጎጆውን የምትሠራው ግን ደብዛዛዋ እንስት ናት። ሣሩን የምታያይዘው በሸረሪት ድር ነው። ድሩ ጠንካራና የሚለጠጥ በመሆኑ ጎጆው ነፋስን ይችላል። እኔ ግን በዚያ ሳምንት ድሩንም ከየጥጋጥጉ ጠርጌው ነበር።

በደጋ ግቢዎች የምናየው ሌላው ጎጆ ሠሪ «ፕሎሴዎስ ባግላፌክት» የተሰኘው ቢጫ ወፍ ነው። የሚሸምነው በእርጥብ ሣር ነው፤ ደረቁ ሲታጠፍ ይሰበራልና። ብዙዎቹ ዘመዶቹ በአንድ ዛፍ ላይ በመንጋ ሲሠሩ፣ እርሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ሆኖ ለብቻው ይሠራል። ስለዚህ አንዲት ዛፍ ያላት ጠባብ ግቢም ልትበቃው ትችላለች።

ወፎችን ለማስጠጋት ጥሬ መበተን ብቻውን አይበቃም። ጥሬ የሚበሉ ብዙ ወፎች እንኳ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በትላትልና በነፍሳት ነው፤ አትክልታችን ላይ ፀረ ተባይ ስንረጭ የጫጩቶቹን ቀለብ እናጠፋለን። እሬትና ራስ ክምር ብንተክል ወለላ ቀሳሚዎቹ ይመጣሉ። ጥልቀት በሌለው ገበቴ ውኃ ማኖር፣ ድመትን ማራቅ፣ ከመግረዝ በፊትም ቅርንጫፉን መፈተሽ ይገባል።

ስንመለከትም ርቀን ይሁን። ወፏ ምግብ በአፏ ይዛ ወደ ጎጆዋ ለመግባት ካመነታች፣ የቀረብነው እኛ ነንና ወደ ኋላ እንበል።

በከተማችን የቍጥቋጦ አጥር በግንብ፣ ሣሩም በሲሚንቶ እየተተካ ነው። ስለዚህ አደራ የምላችሁ፦ የመጀመሪያው ሣር የተጐተተበትን፣ ጫጩቶቹም የበረሩበትን ቀን በደብተራችሁ ጻፉ። ለብዙ ዓመታት ከተጠራቀመ፣ ምን እንደቀረና ምን እንደጠፋ የምናውቀው በዚህ ነው። እኔም ያን የአጥር ጥግ ከዚያ ወዲህ ሳልፈትሽ ቈርጬው አላውቅም።