ፍርስራሽ የለካው አርክቴክት

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ሮበርት አዳም ስለሚባል አርክቴክት ነው። አርክቴክት ማለት ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት አስቦ ንድፉን የሚያወጣ ባለሙያ ነው።

ሮበርት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1728 ኪርካልዲ በምትባል የስኮትላንድ ከተማ ነው። አባቱም አርክቴክት ስለነበረ ሙያውን የጀመረው ከቤቱ ነው። በ1754 ግን የጥንት ሮማውያንን ሕንፃዎች ለማጥናት ወደ ጣሊያን ጉዞ ጀመረ። እዚያ የሚታዩት ፍርስራሾች ብዙዎቹ ቤተ መቅደስና አደባባይ ናቸው። እሱ ደግሞ ሮማውያን የኖሩበትን ቤት ማወቅ ፈለገ።

ስለዚህ በ1757 ዛሬ ክሮኤሺያ ውስጥ ወዳለችው ስፕሊት ሄደ። እዚያ ክርስቲያኖችን በማሳደድ የሚታወቀው ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ያሠራው ቤተ መንግሥት አለ። ያኔ ከ1,400 ዓመት በላይ ሆኖታል። የከተማው ሰዎችም ግንቡ ውስጥ ቤታቸውን ሠርተው ይኖሩበት ነበር።

ሮበርት ከጓደኛውና ከሁለት ንድፍ ሠሪዎች ጋር መለካት ጀመረ። ግን ችግር መጣ! ከተማዋን የምትገዛው ቬኒስ ነበረች፤ አስተዳዳሪው “ይሄ ሰውዬ ምሽጋችንን ሊሰልል ነው” ብሎ ጠረጠረና አስቆመው። እንደ ዕድል ሆኖ በቬኒስ ጦር ውስጥ ግሬም የሚባል ስኮትላንዳዊ ጄኔራል ነበረና አስፈቀደለት። እንደገና እንዳይከለከል ስለፈራ ቶሎ ቶሎ ሠርቶ በ5 ሳምንት ጨረሰ። በ1764 ሥዕሎቹን በትልቅ መጽሐፍ አሳተመ።

ወደ አገሩ ሲመለስ የተማረውን ዝም ብሎ አልገለበጠም። ከጥንቱ ወስዶ ቀለል ያለ፣ የሚያምር አዲስ አሠራር አወጣ። ይህ ዓይነቱ አሠራር ኒዮክላሲካል ይባላል፤ አዲስ ጥንታዊ እንደማለት ነው። ኮርኒሱን፣ ምንጣፉን፣ ወንበሩን፣ የበሩን እጀታ ሳይቀር አብረው እንዲሄዱ አድርጎ ይነድፍ ነበር።

ሁሉም ነገር ግን አልተሳካለትም። ከወንድሞቹ ጋር ለንደን ውስጥ በቴምዝ ወንዝ ዳር አዴልፊ የሚባሉ ትልልቅ ቤቶች ሲሠራ ገንዘብ አለቀባቸው። በ1774 ቤቶቹን በሎተሪ እስከማውጣት ደረሱ። እሱ ግን መሥራቱን አልተወም። በ1792 ሲሞት የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲን ሕንፃ ጀምሮ ነበር፤ በኋላ ፕሌይፌር የሚባል ሌላ አርክቴክት ጨረሰው።

እኔ ከሁሉም የገረመኝ መለካቱ ነው። የስፕሊት ሰዎች በየቀኑ የሚያልፉበትን ግንብ እሱ ቆሞ አየው። እስኪ እናንተም ሳትቆጥሩ መልሱልኝ፦ የክፍላችሁ መስኮት ስንት ነው?