«የማን ልጅ ነሽ?»

እነሆ ጾመ ፍልሰታ ተፈጽሞ ነሐሴ 16 ቀን ደረሰ። በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ኽምራ ደጋዎች ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጀምረው ከቤት ቤት እየዞሩ ይጫወታሉ። በዚህ የልጃገረዶች በዓል ከጨዋታው መካከል ስለምትነሣ አንዲት አጭር ጥያቄ ጥቂት ልናወጋችሁ ወደድን።

በደጃፋቸው የምትጫወተውን ልጅ ሽማግሌው ጠጋ አድርገው «የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። ዘር ቆጥረው ሊመርቋት እንጂ ሊያስከፏት አይደለም። በማደጎ ላደገች ልጅ ግን ጥያቄዋ እንደ እሾህ ትወጋለች። የወለዷትን ትጥራ ወይስ ያሳደጓትን? ከጎኗ የቆመችው አሳዳጊ እናትም መልሱን በፍርሃት ትጠብቃለች።

ዋግ ይህን ጥያቄ አብዝታ የምታውቅ አገር ናት። በ1977 ዓ.ም ረሃብ ሕዝቧ ወደ ኮረም ሲጎርፍ ብዙ ሕፃናት ወላጆቻቸውን በመንገድና በመጠለያ አጥተዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ ድርቅ ተከትሏል። እንዲህ ባለው ጊዜ ወላጅ አልባውን ቀድሞ የሚያነሣው አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት ወይም የክርስትና እናት ነው።

የሰው ልጅን እንደ ራስ ልጅ ማሳደግ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር አስነክሮ በማጥባት «የጡት ልጅ» የሚያደርግበት ልማድ ነበር። የኦሮሞው ጉዲፈቻም ስሙን ለሕጋችን አውሷል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ እንዲቆጠር፣ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድናም እንዳይቋረጥ ደንግጓል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በ2010 ዓ.ም ሕፃናትን ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ስለቀረ፣ ኃላፊነቱ በእኛው ትከሻ ላይ ወድቋል።

እንግዲህ ሕጉ ለጥያቄዋ «የሁለቱም» የሚል መልስ ሰጥቷል። ልብ ግን እንደ ፍርድ ቤት በአንድ ቀን አያጸድቅም።

እናቱን በድንገት ያጣ ሕፃን ሁለተኛዋንም አጣለሁ ብሎ ይሠጋል። ስለዚህ እንጀራ ከመኝታው ሥር ይሸሽጋል፤ ሌሊት ይባንናል፤ ሲያቅፉት ይሸሻል፤ «ይጥሉኝ ይሆን?» ብሎ ለመፈተንም ሆነ ብሎ ያጠፋል። አሳዳጊዎች ይህን ውለታ ቢስነት አድርገው ቢያዩት አይፈረድባቸውም፤ ነገር ግን የሐዘን ምልክት ነው። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረቡት ጥናት፣ ሕፃን ከማይለወጥ አሳዳጊ ጋር ያለው የጠበቀ ፍቅር ለአእምሮ ጤንነቱ መሠረት መሆኑን አስረድተዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ በትዕግሥት ዕለት ዕለት አለመለወጥ ነው።

ብዙዎች ልጁ እንዳያዝን፣ እነርሱንም እንዳይተዋቸው ሲሉ እውነቱን ይሸሽጋሉ። የኅብረተሰብ ጥናት ምሁሩ ዴቪድ ከርክ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ልዩነቱን ከሚክዱት ይልቅ አምነው የሚነጋገሩበት አሳዳጊዎች ከልጆቻቸው ጋር ይበልጥ እንደሚቀራረቡ አመልክተዋል። በአገራችንማ ምሥጢሩ አይዘልቅም፤ ወላጅ የደበቀውን ጎረቤት በጠብ ቀን ያወጣዋል። ስለሆነም ልጁ ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ ዕድሜው በሚችለው ቃል፣ ከአሳዳጊዎቹ አፍ ይስማ። የሟች ወላጆቹ ስም በቤት ይጠራ። «ከሜዳ አንሥቼ» የሚል ቃል ግን በቁጣም ቢሆን አይነገር።

አሳዳጊዎችም ደጋፊ ይሻሉ። ልጅ ሳትወልድ የቀረች ወይም የራሷን ልጅ የቀበረች ሴት ሐዘኗን የምታካፍለው ካላገኘች የሌላውን ሐዘን መሸከም ይከብዳታል። የሥነ ልቡና ባለሙያ በቅርብ በማይገኝበት ገጠር የነፍስ አባት፣ የማኅበር ጓደኛ፣ መምህርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሊያዳምጧት ይገባል። የልጁ ጭንቀት ሲበረታ ደግሞ ወደ ሆስፒታል ማድረስ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

በዓሏ የሚከበርላት እመቤታችን በመስቀሉ ሥር ያልወለደችውን ዮሐንስን በልጅነት ተቀብላለች፤ እርሱም ወደ ቤቱ ወስዷታል። ያ እናትነትና ልጅነት የተመሠረተው በሐዘን ቀን ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ በሻደይ «የማን ልጅ ነሽ?» የምትባለው ልጅ አሳዳጊዋን ቀና ብላ አይታ፣ ሁለቱንም ስም ያለ ፍርሃት ትጥራ። ጠያቂዎቹም ሁለቱንም ይመርቁላት።

መልካም በዓል።